በአንድ ኔትወርክ ካርድ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ አይፒ አድራሻ እንዴት ይሰጣል? ከካሜራ ገጠማ እስከ ሰርቨር

አዲስ የደህንነት ካሜራ ገዝታችሁ ቢሮው ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎች የሚገናኙበት ሳጥን) ላይ ሰካችሁት እንበል። ከካርቶኑ የወጣው ወረቀት አድራሻው 192.168.1.64 ነው ይላል። ብራውዘር ላይ ጻፋችሁት፤ አልከፈተም። ካሜራው ግን አልተበላሸም። የቢሮው ራውተር 192.168.100.1 ነው፤ ላፕቶፓችሁም አድራሻውን የወሰደው ከእሱ ነው። ሁለቱ አንድ ስዊች ላይ ተሰክተው አይተዋወቁም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የላፕቶፑን አድራሻ ቀይሮ፣ ካሜራውን አስተካክሎ፣ ከዚያ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ያስኬዳል። ግን እስኪመልሰው ድረስ ኢንተርኔት የለውም። የካሜራውን አዲስ ሶፍትዌር ማውረድ ቢያስፈልገው ወይም ደንበኛው በቴሌግራም ቢጽፍለት ሥራውን አቋርጦ መመላለስ ነው። ዕቃው አሥር ከሆነ ደግሞ ቀኑ በዚህ ያልቃል።

የሚሻለው ለዚያው ኔትወርክ ካርድ ሁለተኛ አድራሻ መጨመር ነው። የመጀመሪያው አይነካም፤ ኢንተርኔቱም አይቋረጥም። ሌላ ካርድም ሌላ ኬብልም መግዛት አያስፈልግም። ሥራው ራሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስቸግረው የትኛውን ሳጥን ሞልቶ የትኛውን ባዶ መተው እንዳለባችሁ አለማወቅ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ

ኮምፒውተር መረጃ ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ያጣራል። የምልክለት አድራሻ እዚሁ ያለ ነው ወይስ ውጭ? መልሱን የሚያገኘው ከሰብኔት ማስኩ ነው፤ የአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ (የሰብኔቱ) እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ማስኩ 255.255.255.0 ከሆነ የአድራሻው የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች መግጠም አለባቸው። 192.168.100.37 የያዘ ላፕቶፕ 192.168.1.64ን ሲያይ ሦስተኛው ቁጥር አይገጥምም። ስለዚህ «ይሄ የውጭ ነው» ብሎ ለጌትዌዩ፣ ማለትም ለራውተሩ ያስረክበዋል። ራውተሩም አያውቀውም። ወደ ኢንተርኔት አቅጣጫ ይገፋዋል፤ እዚያው ይጠፋል። ካሜራው ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል።

አሁን ለላፕቶፑ 192.168.1.200 የሚል አድራሻ ጨመራችሁለት። ያን ጊዜ 192.168.1.64 የውጭ መሆኑ ይቀራል። ላፕቶፑ ኤአርፒ በሚባለው አሠራር በኬብሉ ላይ «192.168.1.64ን የያዘ ማን ነው? ማክ አድራሻውን ይንገረኝ» ብሎ ይጠይቃል። ማክ አድራሻ ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው መለያ ቁጥር ነው። ካሜራው ይመልሳል፤ ግንኙነቱ ይጀመራል። ራውተሩ በመሃል አይገባም። የካርዳችሁ ማክ አድራሻም ያው አንዱ ነው፤ የተጨመረው አይፒ ብቻ ነው።

ይሄ ከደንብ ውጭ የሆነ ዘዴ እንዳይመስላችሁ። አይፒ ስሪት 6 (አዲሱ ረጅም የአይፒ አድራሻ ዓይነት) የሚሠራበት ካርድ ድሮም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ አድራሻ አለው። በኤፍኢ80 የሚጀምረው የቅርብ አድራሻ አለ፤ ኔትወርኩ ስሪት 6ን የሚያድል ከሆነ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ካርዱ ብዙ አድራሻ መሸከም ያውቃል። እኛ የምናደርገው ያንኑ በስሪት 4፣ ማለትም እስካሁን ባየናቸው ዓይነት አድራሻዎች ላይ፣ በእጃችን መሙላት ነው።

ከመንካታችሁ በፊት መዝግቡ

ትእዛዞቹ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደሚነበቡ አስቀምጣቸዋለሁ።

ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና «አይፒኮንፊግ /ኦል» ብላችሁ ኢንተርን ምቱ። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ኬብሉ የተሰካበትን ካርድ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ኢተርኔት ይባላል። አራት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የአይፒ ስሪት 4 አድራሻውን፣ ሰብኔት ማስኩን፣ ዲፎልት ጌትዌዩን እና የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹን (የዌብሳይት ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይሩትን)። በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል። ይሄን የዘለለ ሰው በኋላ ኢንተርኔት ሲጠፋበት ምን እንደነበር አያውቅም።

ቀጥሎ የሚጨመረውን አድራሻ ምረጡ። ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ልትደርሱበት ከምትፈልጉት ዕቃ ጋር አንድ ሰብኔት ውስጥ መሆን አለበት። ካሜራው 192.168.1.64 ከሆነ የእናንተም በ192.168.1 ይጀምር። ሁለተኛ፣ ማንም ያልያዘው ይሁን። የመጨረሻው ቁጥር ከ1 እስከ 254 መሆን ይችላል፤ 1ን ግን ተዉት፣ ራውተሮች ይወዱታል። እኔ ብዙ ጊዜ 200ን ወይም 250ን እመርጣለሁ።

ዊንዶውስ ላይ

አዲሱ የዊንዶውስ 11 ሴቲንግ ገጽ በእጅ የሚቀበለው አንድ አድራሻ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሁለተኛ መጨመሪያ አትፈልጉ፤ የለም። መሄድ ያለባችሁ ወደ ድሮው መስኮት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይም መንገዱ ይኸው ነው።

1. የዊንዶውስ ቁልፍንና አር ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። በምትወጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ኤን፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤል የሚሉትን ያለ ክፍተት ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። የካርዶቹ ዝርዝር ይከፈታል።

2. ኢተርኔት የሚለውን በቀኝ ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስን ምረጡ። የአድሚን ፓስወርድ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

3. ከዝርዝሩ ውስጥ የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ስሪት 4ን መስመር ዳብል ክሊክ አድርጉ። ስሪት 6 ከጎኑ ስላለ አትሳሳቱ። ከፊቱ ያለውን ምልክትም አታንሱ።

4. አድራሻው «በራሱ እንዲመጣ» የሚለው ላይ ከሆነ፣ «የሚከተለውን አድራሻ ተጠቀም» ወደሚለው ቀይሩት። ቅድም የመዘገባችኋቸውን አድራሻ፣ ማስክ፣ ጌትዌይና ዲኤንኤስ በየቦታቸው ሙሉ።

5. ከታች በቀኝ በኩል ያለውን አድቫንስድ ቁልፍ ተጫኑ። የመጀመሪያው ሳጥን አይፒ አድሬሰስ ይላል። ከሥሩ አድ የሚለውን ተጫኑ፤ 192.168.1.200 እና 255.255.255.0 ጽፋችሁ እንደገና አድ በሉ። ሌላ ካላችሁ በዚያው ጨምሩ።

6. ኦኬ፣ እንደገና ኦኬ፣ ከዚያ የመጨረሻውን መስኮትም ዝጉ። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ክፍት ትቶ «አልሠራም» ይላል። ለውጡ የሚጸናው እሱ ሲዘጋ ነው።

ስለ አራተኛው እርምጃ ትንሽ ልጨምር። አድራሻው በዲኤችሲፒ፣ ማለትም ራውተሩ አድራሻ በሚያድልበት አሠራር፣ በራሱ እየመጣ እያለ አድቫንስድን ከከፈታችሁት አድ የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ። ለዚያ ነው መጀመሪያ በእጅ ወደመሙላት የምንቀይረው። ነገር ግን ራውተሩ ሰጥቷችሁ የነበረውን አድራሻ በእጅ ስትጽፉት፣ ራውተሩ የእናንተ እንደሆነ ማሰቡን ያቆማል። የኪራይ ጊዜው፣ ማለትም አድራሻው የተሰጠበት ጊዜ፣ ሲያልቅ ለሌላ ሰው ስልክ ሊሰጠው ይችላል። ለአንድ ሰዓት ሥራ ግድ የለም። ለወራት የሚቆይ ከሆነ ግን ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ዲኤችሲፒው ከስንት እስከ ስንት እንደሚያድል እዩ፤ ከዚያ ክልል ውጭ ያለ ቁጥር ውሰዱ።

ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1703 ወዲህ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ፣ ዲኤችሲፒውን ሳያጠፉ በእጅ የተሞላ አድራሻ መጨመርም ይቻላል። በመስኮት አይደለም፤ ኔትሼል በሚባለው ትእዛዝ (ሲጻፍ ኤን፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤስ፣ ኤች ነው) «ዲኤችሲፒ ስታቲክ አይፒ ኮኤግዚስተንስ» የሚለውን ኢነብልድ ማድረግ ነው። ከዚያ በዚያው ኔትሼል አድራሻውን ትጨምራላችሁ። በየቀኑ በተለያየ ቢሮ ለሚሠራ ባለሙያ ይሄ መንገድ ይሻለዋል። የትም ቢሄድ ዋናው አድራሻ በራሱ ይመጣለታል፤ የካሜራው አድራሻ ደግሞ ሁልጊዜ አብሮት አለ።

ጌትዌይ አንድ ብቻ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ለሁለተኛው አድራሻ ጌትዌይ አይሰጥም።

አድቫንስድ መስኮት ውስጥ ከአድራሻዎቹ ሥር ዲፎልት ጌትዌይስ የሚል ሌላ ሳጥን አለ። እሱም አድ የሚል ቁልፍ አለው። ሰው «ለአዲሱ አድራሻም መውጫ ያስፈልገዋል» ብሎ 192.168.1.1ን እዚያ ይጨምራል። እዚያ ቁጥር ላይ ራውተር ላይኖር ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን አሁን ሁለት መውጫ ያለው ይመስለዋል፤ በማይሠራው በኩል የሞከረ ጊዜ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል ወይ ይጠፋል። አንዴ እየሠራ አንዴ ስለሚያቆም ምክንያቱን ለማግኘትም ያስቸግራል።

ጌትዌይ የሚያስፈልገው ከኔትወርኩ ውጭ ለመውጣት ነው። ሁለተኛውን አድራሻ የጨመራችሁት አጠገባችሁ ያለ ዕቃ ጋ ለመድረስ ስለሆነ ባዶውን ይቀመጥ።

መሥራቱን ማረጋገጥ

እንደገና «አይፒኮንፊግ /ኦል» በሉ። አንዱ ካርድ ሥር ሁለት አድራሻ ታያላችሁ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ፕሪፈርድ የሚል ቃል አለ። በፕሪፈርድ ቦታ ዱፕሊኬት ካለ አድራሻው ሌላ ሰው እጅ ውስጥ ነው። ሌላ ቁጥር ምረጡ።

ከዚያ «ፒንግ 192.168.1.64» በሉ። መልሱን በጥንቃቄ አንብቡት፤ ችግሩ የት እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ባይት፣ ታይምና ቲቲኤል ያለው መስመር ከመጣ ተገናኝታችኋል። «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» ከመጣ ደግሞ «ሪፕላይ ፍሮም» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አድራሻ እዩ። 192.168.1.200 ከሆነ የመለሰላችሁ የራሳችሁ ላፕቶፕ ነው። በኬብሉ ላይ ጠይቆ ማንም አልመለሰለትም ማለት ነው። ኬብሉን፣ የካሜራውን መብራት፣ የስዊቹን ፖርት ተመልከቱ። አድራሻውም ወረቀቱ ከሚለው የተለየ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ የሚያታልል ነገር አለ። ዊንዶውስ ይህንንም እንደ መልስ ስለሚቆጥረው ከታች «የጠፋ ዜሮ» ብሎ ይጽፋል። ድምሩን አትመኑ፤ መስመሮቹን አንብቡ።

«ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ሌላ ነው። መረጃው ወጥቷል፤ መልስ ግን አልመጣም። ወይ የዕቃው ፋየርዎል ፒንግ ይከለክላል፣ ወይ ደግሞ ማስኩን ተሳስታችሁ መረጃው በጌትዌዩ በኩል እየሄደ ነው። ለመለየት «ኤአርፒ -ኤ» በሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ከ192.168.1.64 ጎን ማክ አድራሻ ካለ ዕቃው በሕይወት አለ፤ ፒንግ ብቻ ነው የከለከለው።

ይሄው ዘዴ አንድ አድራሻ ነፃ መሆኑን ለማወቅም ይረዳል። ፒንግ ስላልመለሰ ብቻ «ነፃ ነው» አትበሉ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ብዙ ጊዜ ፒንግ አይመልስም። ኤአርፒ ላይ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ ዝም ካለ ከማንም ጋር መገናኘት አይችልማ።

ካሜራዎቹ ብዙ ሲሆኑ

የሂክቪዥን ካሜራዎች ብዙ ጊዜ በ192.168.1.64 ይመጣሉ። የዳሁዋ 192.168.1.108 ነው። የማይክሮቲክ ራውተር 192.168.88.1፣ ብዙ የቲፒ-ሊንክ አክሰስ ፖይንቶች 192.168.0.254፣ የዩቢኪዊቲ ኤርማክስ አንቴናዎች 192.168.1.20። ስለዚህ በ192.168.0፣ በ192.168.1 እና በ192.168.88 የሚጀምሩ ሦስት አድራሻዎች ላፕቶፓችሁ ላይ ከጨመራችሁ ገበያ ላይ ያለውን ብዙውን ዕቃ ያለ ምንም መቀያየር ትከፍታላችሁ። የሞዴሉን ወረቀት ግን ሁልጊዜ እዩ። አንዳንዱ ዕቃ ዲኤችሲፒ ካገኘ የራሱን ትቶ ራውተሩ የሰጠውን ይይዛል።

ስምንት አዲስ የሂክቪዥን ካሜራ በአንድ ጊዜ ስዊች ላይ ብትሰኩ ስምንቱም 192.168.1.64 ነኝ ይላሉ። ላፕቶፓችሁ ላይ ያሉት አድራሻዎች ብዛት እዚህ አይረዳም። አንድ በአንድ ስኩ። የመጀመሪያውን ሰክታችሁ ክፈቱ፤ አዳዲሶቹ ፓስወርድ አውጡልኝ ይላሉ። ከዚያ ኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ የቢሮውን አድራሻ ስጡት፤ ለምሳሌ 192.168.100.201፣ ጌትዌይ 192.168.100.1። ሴቭ ስታደርጉ ገጹ ይቋረጣል፤ አትደንግጡ። አሁን በአዲሱ አድራሻ ክፈቱት፤ በላፕቶፓችሁ ዋና አድራሻ በኩል ይመጣል። ፕላስተር ቆርጣችሁ 201 ብላችሁ ካሜራው ላይ ለጥፉ። ከዚያ ሁለተኛውን ስኩ።

አንድ ችግር ሊገጥማችሁ ይችላል። ሁለተኛው ካሜራ ተሰክቶ አልከፍት ሊል ይችላል፤ ላፕቶፑ የ192.168.1.64ን ማክ አድራሻ ብሎ የያዘው የመጀመሪያውን ካሜራ ነውና። ትንሽ ጠብቁት፤ ካልሆነ በአድሚን የተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ኤአርፒ -ዲ *» ብላችሁ የያዘውን አስረሱት።

ሊኑክስና ማክ

ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ፤ የጥርሳም ጎማ ምልክቷን ተጫኑና አይፒቪ4 ገጽ ላይ ማኑዋልን ምረጡ። የመጀመሪያውን መስመር ስትሞሉ ከሥሩ ባዶ መስመር ይመጣል፤ ሁለተኛው አድራሻ እዚያ ይገባል። የእሱን ጌትዌይ ባዶ ተዉት። አፕላይ ካላችሁ በኋላ ግንኙነቱን አጥፍታችሁ አብሩት።

ለአጭር ጊዜ ሥራ ግን ተርሚናል ይፈጥናል፦ «ሱዶ አይፒ አድር አድ 192.168.1.200/24 ዴቭ» ካላችሁ በኋላ የካርዱን ስም ጻፉ። ስሙን «አይፒ አድር» ብቻ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። /24 ማለት ያው 255.255.255.0 ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አድራሻው አብሮ ይጠፋል፤ ለካሜራ ገጠማ ይሄ ጥሩ ነው።

ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ በቋሚነት ከተፈለገ ኔትፕላን በሚባለው የኔትወርክ ሴቲንግ ፋይል ውስጥ አድሬሰስ በሚለው ሥር ለእያንዳንዱ አድራሻ አንድ መስመር ይጨመራል። ፋይሉ ታብ አይቀበልም፤ ክፍተቱ በስፔስ ይሁን። ስትጨርሱ «ኔትፕላን ትራይ» በሉ። በ120 ሰከንድ ውስጥ ኢንተር ካልመታችሁ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ሰርቨሩ ሌላ ከተማ ከሆነና ከውጭ ገብታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይሄን ሳትጠቀሙ በጭራሽ አትንኩት።

ማክ ላይ አሠራሩ ትንሽ ይለያል። አድራሻ አይጨመርም፤ በዚያው የኬብል ካርድ ላይ ሌላ ኔትወርክ ሰርቪስ ይፈጠራል። ለእሱ ማኑዋል መርጣችሁ አድራሻና ማስክ ትሞላላችሁ። ዋናው ሰርቪስ በቅደም ተከተሉ ከላይ ይሁን።

ሰርቨር ላይ ሲሆን

ድሮ አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ዌብሳይት በኤችቲቲፒኤስ ለማስቀመጥ ለእያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ይሰጥ ነበር። ኤስኤንአይ የሚባለው፣ ብራውዘሩ የሚፈልገውን ዌብሳይት ስም ገና ሲገናኝ የሚናገርበት አሠራር ከተስፋፋ ወዲህ ያ አያስፈልግም። ዛሬ ሁለተኛ አድራሻ ከሚጠቅምባቸው ቦታዎች ዋነኛው ሰርቨር ሲቀየር ነው። አሮጌው 192.168.100.10 ነበር፤ የቢሮው ፕሪንተሮች፣ ስካነሮችና ሶፍትዌሮች ሁሉ ይህን ቁጥር ይዘዋል። አዲሱን በ192.168.100.11 ታቆሙታላችሁ፤ አሮጌው በጠፋበት ሰዓት 10ንም ለአዲሱ ትጨምሩለታላችሁ። ማንም ሳይረበሽ ሥራው ይቀጥላል፤ እናንተም ዕቃዎቹን ቀስ እያላችሁ ወደ 11 ታዛውራላችሁ። አሮጌው በርቶ እያለ ግን አትጨምሩ።

ሁለት አድራሻ በአንድ ሰብኔት ውስጥ ሲሆኑ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ ሲጠራ በየትኛው አድራሻ ይወጣል? ዊንዶውስ ቀድሞ የገባውን አይመርጥም። በቢት፣ ማለትም በዜሮና በአንድ ሲጻፍ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጌትዌዩ አድራሻ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለውን ይመርጣል። አዲስ አድራሻ በጨመራችሁ ማግስት «ባንኩ ሲስተም አያስገባንም» ወይም «ኢሜይል አይወጣም» ከተባለ እዚህ ጋ ተመልከቱ፤ ሌላው ወገን የሚያውቀው የድሮውን አድራሻ ብቻ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው አዲሱን አድራሻ በኔትሼል ስትጨምሩ «ስኪፕ አዝ ሶርስ» የሚለውን ትሩ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ በእሱ የሚመጣን ይቀበላል፤ በእሱ ግን አይጠራም።

ሊኑክስ በተራው መጀመሪያ የገባውን ዋና ያደርጋል፤ ሌሎቹን ሰከንደሪ ብሎ ያሳያል። በአንዳንድ ሲስተም ዋናውን ስትሰርዙ ሰከንደሪዎቹም አብረው ይሄዳሉ። ከመሰረዛችሁ በፊት ሌላ መግቢያ ይኑራችሁ።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው በራሳችሁ ኔትወርክ ውስጥ ነው፦ በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 እና በ192.168 በሚጀምሩት የግል አድራሻዎች። የኢንተርኔት አድራሻ ከፈለጋችሁ አቅራቢያችሁ ሊመድብላችሁ ይገባል፤ እናንተ ስለጻፋችሁት ብቻ አይሠራም።

ካሜራውን በ192.168.1፣ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር በ192.168.100 ማድረግም ሁለቱን አይለያቸውም። እናንተ አሁን ሁለተኛ አድራሻ ጨምራችሁ እንደገባችሁት ሌላውም ሰው ላፕቶፑን ሰክቶ ይገባል። መለየት ከተፈለገ ስዊቹ ላይ ቪላን፣ ማለትም አንዱን ስዊች እንደ ተለያዩ ስዊቾች የሚከፍል አሠራር፣ ይሠራ።

ሥራው ሲያልቅ

የጨመራችሁትን አንሱ። በዚያው አድቫንስድ መስኮት አድራሻውን መርጣችሁ ሪሙቭ በሉ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይም ወደ «በራሱ እንዲመጣ» መልሱት፣ ዲኤንኤሱንም ጭምር። ካላነሳችሁት ነገ ሌላ ቦታ ኬብል ሰክታችሁ በቪፒኤን የምትገቡበት ቢሮ 192.168.1 ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ግን «ይሄማ እዚሁ ነው» ብሎ አጠገቡ ባለው ኬብል ላይ ይፈልገዋል፤ አያገኘውምም። አድራሻዎቹ የግድ መቆየት ካለባቸው የካርዱን ስም ቀይራችሁ ቁጥሮቹን እዚያው ጻፉበት፤ ዊንዶውስ ላይ ካርዱን መርጣችሁ ኤፍ2ን መጫን ይበቃል።